የእደላው ቀን ሳይደርስ ቤታችሁን ቁጠሩ፦ የትኛው የምግብ እርዳታ እንደሚገባችሁ እንዴት ታውቃላችሁ?

በሬድዮ የጤና ዝግጅታችን ያቀረብነውን ትምህርት ላላደመጣችሁ፣ አድምጣችሁም ቁጥሩ ለጠፋባችሁ፣ በዚህ ወረቀት አትመነዋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

የዛሬው ርዕሳችን የምግብ እርዳታ ነው። «የጤና ሠራተኛ ስለ ራሽን ምን አገባው?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሚያገባን ምክንያት አለ። ከስቶ ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ሕፃን ሁልጊዜ በተቅማጥ ወይም በወባ ብቻ የታመመ አይደለም። አንዳንዱ ስሙ ካርድ ላይ ስላልገባ ድርሻው ሳይመጣ የቀረ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እናቱ ሌላ እርዳታ እንደሚገባው ስላላወቀች ዘግይቶ የመጣ ነው። መድኃኒት ሰጥተነው ቢመለስ እንኳ ቤት የሚበላው ከሌለ ተመልሶ ይታመማል። ስለዚህ ለቤታችሁ ምን እንደሚገባ ማወቅ የጤና ጉዳይ ነው።

ሦስት በሮች አሉ

ብዙ ሰው የምግብ እርዳታ አንድ ብቻ ይመስለዋል። በእደላው ሰልፍ ስሙ ካልተጠራ «ለእኔ የለም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን እርዳታው በሦስት በር ይገባል፤ የእያንዳንዱ በር ቁልፍም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው በር ጠቅላላ ራሽን ነው። ቁልፉ ምዝገባ ነው፤ የሚታየው በመዝገቡ ላይ ያለው የሰው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው በር የተጎዳ ሰው የሚታከምበት ምግብ ነው። ቁልፉ የሰውነት መለኪያ ነው፤ የሚታየው የሕፃኑ ወይም የእናቲቱ ክንድ ነው።

ሦስተኛው በር ልዩ ድጋፍ ነው። ቁልፉ የቤቱ ችግር ነው፤ የሚታየው ማን ታሟል፣ ማን ብቻውን ነው፣ ማን መንቀሳቀስ አይችልም የሚለው ነው።

በአንዱ በር የተመለሰ ሰው በሌላው ሊገባ ይችላል። ካርዱ የጠፋበት ሰው የከሳ ልጁን ይዞ ክሊኒክ ቢመጣ ልጁ ይለካል እንጂ «ካርድ ከሌለህ ተመለስ» አይባልም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ከአገር ቤቱ ሴፍቲኔት በምን ይለያል?

ከአገር ቤት ብዙዎቻችን የምናውቀው እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። እዚያ የቀበሌው ኮሚቴ ተሰብስቦ ማን ድሃ እንደሆነ ይመርጣል። የማን ቤት ምግብ ለስንት ወር ያንሰዋል፣ ማን በሬ አለው፣ ማን ከብት አለው ተብሎ ይቆጠራል። መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን በሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ በእህል ሲከፈል የቀኑ 3 ኪሎ ስለሆነ ለአንድ ሰው የወሩ 15 ኪሎ ይመጣል። መሥራት የማይችል ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ሳይሠራ ይሰጠዋል።

በስደተኞች መጠለያ ጠቅላላው ራሽን ለተመዘገበ ሁሉ ሲታደል ግን አሠራሩ ሌላ ነው። የሚቆጠረው ነፍስ እንጂ ንብረት አይደለም። ሻይ የምትሸጥ እናት፣ ፍየል ያለው አባት፣ በሰሊጥ አጨዳ ሠርቶ ገንዘብ ያመጣ ወጣት በዚህ ምክንያት ብቻ ከራሽን አይወጣም። ስለዚህ «ሥራ እንዳለኝ ካወቁ ስሜን ይሰርዛሉ» ብሎ መደበቅ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚጎዳችሁ የተሳሳተ የሰው ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው በር፦ በመዝገቡ ላይ ስንት ናችሁ?

ስደተኛን የሚመዘግቡት የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን (ኮር) እና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ናቸው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ምግቡን የሚያቀርበው በዚህ ምዝገባ ቁጥር ነው። ስለዚህ የእደላው ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሰው መጨመር አይችልም። ሰልፍ ላይ ቆሞ ከእሱ ጋር መጣላት ቀኑን ያባክናል እንጂ ስም አያስገባም። ስም የሚስተካከለው ከእደላው በፊት፣ በምዝገባ ጠረጴዛ ነው።

ዛሬ ማታ ካርዳችሁንና የምዝገባ ወረቀታችሁን አውጡ። ከዚያም እነዚህን አምስት ነገሮች ተመልከቱ።

1. በወረቀቱ ላይ ያለው የቤተሰብ ቁጥር ከአንድ ማዕድ ከምትበሉት ሰዎች ቁጥር ጋር እኩል ነው?

2. ከመጨረሻው ምዝገባ ወዲህ የተወለደ ልጅ አለ? ካለ ከክሊኒኩ ወይም ካዋለደችው አዋላጅ የልደት ማስታወቂያ ወረቀት ተቀብላችሁ ሕፃኑን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ቤት ቢወለድም ለክሊኒኩ አሳውቁ።

3. አግብቶ ጎጆ የወጣ ልጅ አለ? ካለ የሁለቱ ቤት ካርድ እንዲለያይ ጠይቁ። ሳይለያይ ከቆየ አዲሷ ሙሽራ በአባቷ ካርድ ላይ ትቀርና ድርሻዋን ለመቀበል በየወሩ ጭቅጭቅ ይነሳል።

4. የሞተ ወይም ጨርሶ የሄደ ሰው አለ? ማሳወቅ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስም ለማሰረዝ መሄድ አይሆንለትም። ቢሆንም በማረጋገጫ ጊዜ የሌለ ሰው ስም ተገኝቶ መላው ካርድ ከሚያጠራጥር አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

5. ከቤተሰቡ ወደ ኡም ራኩባ፣ ወደ ቱናይድባ ወይም ወደ ሌላ መጠለያ የተዛወረ ሰው አለ? አንድ ሰው ድርሻውን የሚቀበለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። የጣት አሻራ ስለሚወሰድ ሁለት ቦታ የተመዘገበ ሰው መታወቁ አይቀርም፤ ሲታወቅ የሚታገደው ደግሞ የልጆቹ ምግብ ሊሆን ይችላል።

በተለይ ለአባቶችና ለወጣቶች የምንለው አለ። በገዳሪፍ ሰሊጥ በሚታጨድበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀጥሎም ማሽላ በሚሰበሰብበት ጊዜ ብዙ ወንድ ወደ እርሻ ይሄዳል። ማረጋገጫ ወይም አሻራ በዚያ ሳምንት ከዋለ «የለም» ተብሎ ስሙ ሊታገድ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የማረጋገጫ ቀን መኖሩን ከቀጠናችሁ ተጠሪ ጠይቁ። የቤቱ ካርድ በእናንተ ስም ብቻ ከሆነም ባለቤታችሁ መቀበል እንድትችል አስመዝግቡ።

ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉ

በእደላው ሰሞን «ለአንድ ሰው ይህን ያህል ግራም» ተብሎ ይነገራል፤ ወይም በሰሌዳ ይለጠፋል። ቁጥሩን ሰምታችሁ ወደ ኪሎ መቀየር ከቻላችሁ የሚገባችሁን ሳትሰለፉ ታውቁታላችሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ግራሙን በሰው ቁጥር አባዙ፤ የተገኘውን በቀን ቁጥር አባዙ፤ ከዚያ ለ1,000 አካፍሉ። የሚገኘው ኪሎ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች፣ በጠቅላላው 5 ሰው አሉ። እደላው ለ30 ቀን ነው። ለሒሳብ ማሳያ ብቻ፣ ለአንድ ሰው በቀን ማሽላ 450 ግራም፣ ምስር 60 ግራም፣ ዘይት 30 ግራም፣ ጨው 5 ግራም ተባለ እንበል። እናንተ ስታሰሉ የወሩን ማስታወቂያ ቁጥር አስገቡ።

ማሽላ፦ 450 × 5 × 30 = 67,500 ግራም፣ ማለትም 67 ኪሎ ተኩል።
ምስር፦ 60 × 5 × 30 = 9,000 ግራም፣ ማለትም 9 ኪሎ።
ዘይት፦ 30 × 5 × 30 = 4,500 ግራም፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል።
ጨው፦ 5 × 5 × 30 = 750 ግራም፣ ማለትም ሦስት ሩብ ኪሎ።

ዘይት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ 1 ሊትር ዘይት ወደ 920 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 4 ኪሎ ተኩል ዘይት በሊትር ሲለካ ወደ 4.9 ሊትር ይሆናል። «4 ኪሎ ተኩል ተብሎ 4 ሊትር ተኩል ብቻ ሰጡኝ» የሚል ሰው በእርግጥ ጎድሎበታል። በመልዋ የሚሰፈር እህልም እንዲሁ ነው፤ መልዋ የሚለካው ስፋትን እንጂ ክብደትን አይደለም። ማሽላና ምስር በአንድ መልዋ ቢሰፈሩ ኪሎአቸው እኩል አይመጣም። ከተጠራጠራችሁ በሚዛን እንዲመዘን በትሕትና ጠይቁ።

አሁን ከአምስቱ አንዱ፣ አዲስ የተወለደው ሕፃን፣ አልተመዘገበም እንበል። ቤቱ የሚቀበለው የ4 ሰው ነው። ማሽላው 54 ኪሎ ይሆናል። በየወሩ 13 ኪሎ ተኩል ቀረ ማለት ነው። ለአምስት ሲካፈል ለአንዱ በቀን 450 ግራም መሆኑ ቀርቶ 360 ግራም ይደርሰዋል። አንድ ስም ካርድ ላይ አለመግባቱ የሁሉንም ሳህን ያጎድላል።

እደላው በመቶኛ ከተነገረም ሒሳቡ አይከብድም። «በዚህ ወር 50 በመቶ ነው» ከተባለ ከላይ ያገኛችሁትን ለሁለት ክፈሉ። ማሽላው 33 ኪሎ ከሦስት ሩብ፣ ምስሩ 4 ኪሎ ተኩል ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነም ለአንድ ሰው የተባለውን ገንዘብ በመዝገቡ ባለው የሰው ቁጥር አባዙት።

ምግቡ ቤት ከገባ በኋላም ሒሳቡ አያልቅም። በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲጨቀይ መኪና ሊዘገይ ይችላል። ለ30 ቀን የተሰጠ 67 ኪሎ ተኩል ማሽላ 45 ቀን መቆየት ካለበት ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም ብቻ ይደርሳል። ከወፍጮው ክፍያ በፊት የሳምንቱን ለይታችሁ አስቀምጡ። ለማገዶና ለሳሙና ሲባል ጥቂት እህል መሸጥ እንዳለ እናውቃለን፤ መሸጥ ግድ ከሆነ ዘይቱንና ምስሩን ለልጆቹ አስቀሩ።

ራሽን ለምን ይቀንሳል?

ለመጠለያ ምግብ ሲታቀድ የሚያዘው ግምት ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህ የሕፃኑም የጎልማሳውም አማካይ ነው። ከላይ በምሳሌ የጠቀስነው ምግብ ወደ 2,000 ይጠጋል። ግማሽ ሲሆን ወደ 1,000 ይወርዳል፤ በዚህ ላይ ብዙ ወር የቆየ ሰው ይከሳል፣ በሽታ የመቋቋም ኃይሉም ይዳከማል።

ምግቡ የሚገዛው መንግሥታት በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። መዋጮው ሲያንስ ራሽኑ ያንሳል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም የ2025 ገቢው ከ2024 ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጾ ነበር። ጦርነትም ያቋርጣል። በሱዳን ውጊያው ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በሰሜን ዳርፉር ካብካቢያ ሦስት የድርጅቱ ሠራተኞች ተገደሉ፤ ድርጅቱም ሥራውን አቋረጠ። በግንቦት 1 እገዳውን ሲያነሳ እደላ በቅድሚያ ይጀመርባቸዋል ከተባሉት ግዛቶች አንዷ ገዳሪፍ ነበረች።

ስርቆትም ያስቆማል። በኢትዮጵያ እህል ካልተገባው ሰው እጅ እየገባ መሆኑ ስለታወቀ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. እርዳታው በመላ አገሪቱ ቆመ። እዚያ ላሉ ስደተኞች እንደገና የተጀመረው በጥቅምት ነበር። አሻራና ማረጋገጫ የበረታበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲጠሯችሁ ከመሄድ አትቅሩ።

ገንዘብ ሲያንስ በአንዳንድ አገር ሌላ አሠራር መጥቷል። በኡጋንዳ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስደተኞች በችግራቸው መጠን በሦስት ተከፈሉ። በጣም የተቸገረው 60 በመቶ፣ መካከለኛው 30 በመቶ እንዲያገኝ፣ ራሱን ይችላል የተባለው እንዲወጣ ተወሰነ። ይህን የምንነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የትም ቢመጣ በቤቱ ስንት ሕፃን፣ ስንት አረጋዊ፣ ስንት በሽተኛ፣ ስንት መሥራት የሚችል ሰው እንዳለ በትክክል የተመዘገበ ቤተሰብ ይሻለዋል ለማለት ነው። ሕመም ወይም አካል ጉዳት ካለ ዛሬውኑ አስመዝግቡ።

ሁለተኛው በር፦ ክንድ ይለካ

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ሁሉ በየወሩ ክንዱ ሊለካ ይገባል። መለኪያው ሦስት ቀለም ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። እናቶችም ቤት ሆነው መለካት ይችላሉ፤ ወደ እኛ ብትመጡ እናሳያችኋለን። የግራ ክንድ ይለካል። በትከሻና በክርን መካከል እኩል ቦታው ይፈለጋል። ልጁ እጁን ዘና አድርጎ ያንጠለጥላል። መለኪያው ክንዱን ይንካ እንጂ አይጭመቅ፤ አይላላም።

አረንጓዴ፣ 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በዚህ መለኪያ ደህና ነው።
ቢጫ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ሳይሞላ ከሆነ በመካከለኛ ደረጃ ተጎድቷል፤ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል።
ቀይ፣ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጽኑ ተጎድቷል፤ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን አምጡት።

ከመለኪያው ሌላ እብጠት አለ። በሁለቱም እግሮች ላይ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጫኑ። ጣታችሁ ሲነሳ ጉድጓዱ ከቀረ፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ ልጁ በአደጋ ላይ ነው። «ወፈረልኝ» ብላችሁ አትዘናጉ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን በዚህ ፕላስቲክ አይለይም፤ መጥባት ካቃተው ወይም ከከሳ ከነእናቱ ወደ ክሊኒክ ይምጣ።

በጽኑ ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒ ናት አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ይህ መድኃኒት ነው። ለወንድሞቹ ከተካፈለ ወይም ሱቅ ከተሸጠ የታመመው ልጅ አይድንም።

ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም ክንድ ይለካል። በብዙ ቦታ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች፣ በአንዳንድ ፕሮግራም ከ21 በታች የሆነች እናት ተጨማሪ ምግብ ይሰጣታል። የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። እርጉዝ መሆናችሁን በጊዜ አስመዝግቡ፤ ሆድ እስኪገፋ አትጠብቁ።

አንድ ከባድ ነገር በግልጽ እንናገር። አንዳንድ ቤት ልጁ ክብደት ከጨመረ ፕሮግራሙ ይቀርብናል ተብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ልጁ ቶሎ እንዳያገግም ምግብ ይቀነስበታል። ይህን የሚያደርግ ወላጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሌሎቹ ልጆችም ስለራባቸው ነው። ነገር ግን በጽኑ የተጎዳ ሕፃን በአንድ ሌሊት ተቅማጥ ወይም የሳንባ ምች ሊሞት ይችላል። የቤቱ ሁሉ ረሃብ ካለ ንገሩን፤ የሌሎቹንም ክንድ እንለካ፣ ሦስተኛውንም በር እናንኳኳ።

ሦስተኛው በር፦ ልዩ ድጋፍ

ሰልፍ መቆም የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ለረጅም ጊዜ በስኳር፣ በቲቢ ወይም በሌላ ሕመም የሚሠቃይ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ሊነገርላቸው ይገባል። እርዳታው ሁልጊዜ ተጨማሪ እህል ላይሆን ይችላል። ከሰልፉ ፊት መቅደም፣ ወይም የሚታመን ሰው ወክሎ እንዲቀበል ማስመዝገብ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ራሳችሁ የመረጣችሁት ሰው ይሁን፤ ስንት ኪሎ እንደሚያመጣም ከላይ ባለው ሒሳብ አስቀድማችሁ እወቁ።

ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ ተመልከቱ። ሁለት ቀን ጭስ ያልወጣበት ጎጆ ካለ ግቡና ጠይቁ። ለራሱ መናገር የማይችል ሰው የሚናገርለት ጎረቤቱ ነው።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ የሚከለከል

ለምዝገባ፣ ለካርድ፣ ለእደላ፣ ለክንድ መለካት ገንዘብ አይከፈልም። ገንዘብ፣ እህል ወይም ከሴት ልጅ ጋር መተኛትን የጠየቀ ማንም ሰው፣ ሠራተኛም ይሁን ኮሚቴ፣ ወንጀል ሠርቷል። የተጠየቀችው ልጅ ጥፋት የለባትም። ለዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ሠራተኞች ወይም ለምታምኑት የጤና ሠራተኛ ንገሩ፤ ስማችሁ አይወጣም።

ካርድን ለነጋዴ መያዣ አትስጡ። ዛሬ ለተበደራችሁት ትንሽ ገንዘብ የልጆቻችሁ የወር ምግብ በሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ካርዱ ላይ ስማችሁ ጎድሎ፣ ወይም የተሰጣችሁ ካሰላችሁት አንሶ ካገኛችሁ በሰልፉ አትጋጩ። ቀኑን፣ የካርዱን ቁጥር፣ የሚገባችሁንና የተቀበላችሁትን ኪሎ ጻፉ። እዚያው ወዳለው የአቤቱታ ጠረጴዛ ሂዱ፤ ከሌለ ለቀጠናው ተጠሪ፣ ከዚያም ለኮርና ለዩኤንኤችሲአር አቅርቡ። ከጣቢያው ሳትወጡ ብትናገሩ ይመረጣል፤ ቤት ከደረሰ በኋላ የጎደለ እህል ለማስረዳት ይከብዳል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደተባለው፣ ባለመናገር የልጅ ራትም ይቀራል።

ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን

«ሕፃኑ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው፤ ማሽላ አይበላም። ለምን አስመዘግበዋለሁ?» ሕፃኑ ማሽላ ባይበላም የምታጠባው እናት ትበላለች፤ የእሷ ምግብ የእሱ ወተት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ገንፎ ይጀምራል። ያን ጊዜ ለመመዝገብ ከተሯሯጣችሁ ዘግይታችኋል።

«የልጄ ክንድ አረንጓዴ ነው፤ ቤት ግን ምግብ የለም። ምን ላድርግ?» አረንጓዴ ማለት ልጁ እስካሁን አልተጎዳም ማለት እንጂ አልራበውም ማለት አይደለም። በመጀመሪያው በር ቁጥራችሁ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፤ ችግራችሁን ለማኅበራዊ ሠራተኛ ንገሩ፤ በየወሩም አስለኩ።

«እናንተ ስም ልታስገቡልን ትችላላችሁ?» አንችልም። እኛ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ካርድ አንሰጥም፣ አንሰርዝም። የምንችለው መለካት፣ የክሊኒክ ወረቀት እንድታገኙ መርዳትና ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ነው። «እኔ አስገባልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። ካርዳችሁን አውጥታችሁ ከአንድ ማዕድ የሚበላውን ሰው ቁጠሩ። የጎደለ ስም ካለ ከእደላው በፊት ወደ ምዝገባ ሂዱ። ከአምስት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ሁሉ ክንዱን አስለኩ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ውኃ አያያዝና በክረምት ስለሚበዛው ተቅማጥ እንነጋገራለን።